አሮጌ ዴል፣ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1650 እና አንድ ሰማያዊ ቀዳዳ

ዕቁቡ በደረሰኝ ማግስት የቤት ኪራዩ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያውና የጤፉ ዕዳ ተነስቶለት 24,000 ብር ቀረ። «ለኮምፒውተሩ ይሁን» አልኩ። ባለቤቴ ዝም አለች። ዝምታዋን እንደ ፈቃድ ወሰድኩት። ፈቃድ እንዳልነበረ ያወቅኩት ኋላ ነው።

የምኖረው አዳማ ነው። ፊዚክስ አስተምራለሁ። ማታ የተማሪ ደብተር አርሜ ስጨርስ ጌም እጫወታለሁ። 36 ዓመት የሞላው ሰው ጌም ይጫወታል ወይ የሚል ካለ፣ አዎ ይጫወታል። ታናሽ ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ ጆይስቲኩን በፌስታል ጠቅልሎ ይመጣል። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ አምስት ስድስት ጨዋታ እንጨርሳለን። ብዙውን ጊዜ የሚሸነፈው እሱ ነው፣ እሱ ግን ሌላ ይነግራችኋል።

ማሽኔ ከአንድ መሥሪያ ቤት የወጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ነው። ቀጥ ብሎ የሚቆመው ትልቁ ኬዝ እንጂ ጠፍጣፋው አይደለም። ይቺን ያዙልኝ፣ ኋላ ትፈለጋለች። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሞዴል ነው። ኮር አይ5 4570 ፕሮሰሰር፣ 8 ጂቢ ራም፣ 500 ጂቢ ሃርድ ዲስክ ነበረው። ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም ሥዕሉን የሚሠራለት ለብቻው የሚሰካ ካርድ፣ ግን አልነበረውም። እስከዚያ የተጫወትኩት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለችው የኢንቴል ግራፊክስ ነው። የእግር ኳሱ ጌም ፔስ 2017 በሷ ይሄዳል። ጂቲኤ 5 ላይ ግን መኪናው ሲታጠፍ በየሜትሩ ቆሞ ፎቶ የሚነሳ ይመስል ነበር።

አዲስ ለምን አትገዛም ያላችሁኝ አላችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም በየሱቁ አይተነዋል። በአስተማሪ ደመወዝ አዲስ ጌሚንግ ኮምፒውተር ገዛለሁ ማለት ለአንድ ዓመት አልበላም ማለት ነው። ስለዚህ ያለውን መጠገን ነው።

ኬዙን ከፍቼ መጀመሪያ ያነበብኩት የፓወር ሰፕላዩን (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለውን ሳጥን) ተለጣፊ ወረቀት ነው። 290 ዋት ይላል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህን ግምገማ የምጽፈው ለዚህች ቁጥር ስል ነው። የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ካርድ ልትጨምሩ ስታስቡ ካርዱን ከመምረጣችሁ በፊት ወረቀቷን አንብቡ። ምን እንደምትገዙ የምትወስነው እሷ ናት።

ጓደኛዬ «አርኤክስ 580 የሚባለውን ካርድ ግዛ፣ 8 ጂቢ ሜሞሪ አለው፣ ጂቲኤክስ 1650ን አጥፎ ነው የሚያስቀምጠው» አለኝ። ስለ ጉልበቱ አልዋሸም። ያገለገለው 580 ደግሞ ዋጋው ያጓጓል። ግን እንደምር። ካርዱ 185 ዋት ይፈልጋል። የኔ ፕሮሰሰር የተመደበለት 84 ነው። ማዘርቦርዱን፣ ዲስኩንና ፋኑን በ40 ብንገምታቸው 309 ይመጣል። የ9ኛ ክፍል ተማሪዬም 309 ከ290 እንደሚበልጥ ያውቃል። ሠሪው ራሱ ለ580 ባለ 500 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው የሚመክረው። «ታዲያ ፓወሩን ቀይረዋ!» አለኝ። እሱም ቀላል አይደለም። ይህ ዴል እንደተለመደው ኮምፒውተር ባለ 24 ፒኑን ገመድ አይቀበልም፣ የራሱ ባለ 8 ፒን ሶኬት ነው ያለው። መቀየሪያ ገመድ ይሸጣል። ግን ፓወር ሰፕላዩና ገመዱ ሲደመሩ ርካሹ ካርድ ርካሽ መሆኑ ይቀራል።

ሌላም ነገር አለ። ገበያ ላይ ካሉት 580ዎች ብዙዎቹ ኢቴሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ ሲቆፍሩ ሌት ተቀን የሠሩ ናቸው። ኢቴሪየም በግራፊክስ ካርድ መቆፈሩ እ.ኤ.አ. መስከረም 2022 ሲያበቃ ካርዶቹ በርካሽ ተበተኑ። ደህና የተያዘ አያጋጥማችሁም አልልም። ስሙ ላይ 2048 የሚል የተጨመረበት የቻይና 580ም አለ። እሱ ስሙ 580 ሆኖ ጉልበቱ የ570 ነው።

ስለዚህ ለኔ የሚሆነው ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይፈልግ ካርድ ብቻ ሆነ። ካርዱ የሚሰካበት ረጅሙ የማዘርቦርድ ሶኬት ብቻውን እስከ 75 ዋት ይሰጣል። በዚህች ቀለብ የሚያድሩና እኛ አገር የሚገኙ ሁለት ካርዶች አውቃለሁ፦ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ እና በ2019 የወጣው ጂቲኤክስ 1650። ሁለቱም 4 ጂቢ ሜሞሪ አላቸው።

መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ርካሹ ነው። እዚህ ላይ ነው ጉዱ።

አዲስ አበባ ወጣሁ። የሱቁን ስምና ሰፈር አልናገርም። 1050 ቲአይ በ9,500 ብር፣ ካርቶኑ አዲስ፣ ላስቲኩ ያልተነሳ። ሻጩ ካርዱን አገላብጦ እያሳየኝ «ቪጂኤ ሳይቀር አለው ወንድሜ፣ ሞኒተር ቀይር አይልህም» አለኝ። የኔ ሞኒተር አሮጌ ነው፣ ከቪጂኤ፣ ከድሮው ሰማያዊ የሞኒተር መሰኪያ፣ ሌላ አያውቅም። ሰማያዊዋን ቀዳዳ ሳያት ልቤ ቅቤ ጠጣ። ከካርዱ ጫፍ ላይ ባለ 6 ፒን የኃይል ሶኬት አየሁና «ይቺ ገመድ የኔ ማሽን ላይ የለችም» አልኩት። ከመሳቢያው ከሳታ (ከዲስክ የኃይል ገመድ) ወደ 6 ፒን የሚቀይር ገመድ አወጣና ምራቂ አድርጎ ጨመረልኝ። ካርዱን እንደ እንቁላል አቅፌ በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ ተመለስኩ።

ሰካሁት። ዊንዶውስ ስሙን አነበበ፦ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ። ደስ አለኝ። ከቺፑ ሠሪ ከኤንቪዲያ ያወረድኩትን ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ስጭን ግን «የሚስማማ ካርድ አላገኘሁም» አለኝ። እንደገና ሞከርኩ፣ ያው ነው። ሻጩ በፍላሽ የሰጠኝን አሮጌ ድራይቨር ጫንኩ፣ እሱ ገባ። ጂቲኤ 5ን ከፈትኩ። ከድሮው ትንሽ ተሻለ፣ ያን ያህል ግን አይደለም። ደግሞ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ምራቂው ገመድ ነበር፣ በእጅ አይነካም።

ያኔ ነው ማስላት የጀመርኩት። ከመግዛቴ በፊት ነበር ማስላት የነበረብኝ፣ ፊዚክስ አስተማሪ ብሎ ዝም። የሳታ የኃይል ሶኬት 12 ቮልቱን የሚያመጣው በሦስት ፒን ነው። እያንዳንዱ ፒን 1.5 አምፒር ይችላል። 4.5 ሲባዛ በ12፣ 54 ዋት። ባለ 6 ፒኑ ደግሞ እስከ 75 ሊጠይቅ ይችላል። ከአቅማቸው በላይ የሚያልፈው አምፒር ፒኖቹን ያግላቸዋል፣ የጋለውም እዚያችው ፕላስቲክ ውስጥ ነው። ማንም ቢሰጣችሁ፣ በነፃም ቢሆን፣ ያንን ገመድ አትቀበሉ።

በማግስቱ ካርዱን ሰፈራችን ወዳለ ኮምፒውተር ጥገና ወሰድኩት። የሚሠራው ልጅ የድሮ ተማሪዬ ነው። ከኋላ ቁጭ ብሎ ሲያወራ ስንቴ ከክፍል እንዳስወጣሁት ሁለታችንም እናስታውሳለን። ጂፒዩ-ዚ የምትባለዋን ትንሽ ፕሮግራም ከፍላሽ ከፈተና ስክሪኑን ወደኔ አዞረው። ከካርዱ ስም ፊት በቅንፍ «ፌክ» ይላል። «ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ተሸውደዋል» አለኝ።

ውስጡ ያለው ቺፕ ጂኤፍ106 ነው። የጂቲኤስ 450 ቺፕ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ። እውነተኛው 1050 ቲአይ 768 ኮር አለው፣ ይሄ 192። ባዮሱን (ካርዱ ስለ ራሱ የሚናገርበትን ውስጠኛ ጽሑፍ) ሌላ ጽፈውበት፣ ፕላስቲክ ሽፋኑን ቀይረው፣ ካርቶን አልብሰውት ነው። ስሙን የሚናገረው ባዮሱ ስለሆነ ዊንዶውስም የተነገረውን አምኖ ይቀበላል። ከዚያ ልጁ ጣቱን ሰማያዊዋ ቀዳዳ ላይ አደረገ። «ቲቸር፣ 1050 ቲአይ እኮ ቪጂኤ የለውም።» ኤንቪዲያ የአናሎግ (የቪጂኤ) መውጫውን በዚያ ትውልድ ጀምሮ አውጥቶታል። ልቤን ቅቤ ያጠጣችው ቀዳዳ ናት ለካ ዋናዋ መስካሪ።

ተመልሼ አዲስ አበባ ወጣሁ። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ተለጥፏል፣ የመጀመሪያ ቀን አላየሁትም። ሻጩ አልጮኸም፣ አልተቆጣም። እንዲያውም «እኛም እንዲሁ ነው የገዛነው» ብሎ አዘነልኝ። ለሁለት ሰዓት ያህል ሱቁ ውስጥ ተቀመጥኩ። ደንበኛ በገባ ቁጥር ካርዱን አንስቼ ጂፒዩ-ዚ ያሳየኝን የስልኬን ፎቶ አየት ሳደርግ 6,500 ብር መለሰልኝ። 3,000 ብርና የሁለት ቀን ትራንስፖርት እዚያው ቀለጠ። ቤት ስደርስ ባለቤቴ ዝምታዋን ጨረሰች።

ሁለተኛውን በጥንቃቄ ሄድኩበት። ቴሌግራም ላይ አንድ ልጅ የራሱን ጂቲኤክስ 1650 ሊሸጥ አውጥቷል። እሱ ትልቅ ካርድ ስለገዛ ነው። 18,000 ብር ብሎ ነበር፣ በ16,500 ተስማማን። መገናኛ ተገናኘንና ጓደኛው ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ሰካልኝ። እኔም ፍላሼን አወጣሁ። ጂፒዩ-ዚ፦ ቺፑ ቲዩ117፣ ኮሩ 896፣ ፌክ የሚል ቃል የለም። ከዚያ ፈርማርክን ለ15 ደቂቃ አስሮጥኩት። ካርዱን ሆን ብሎ የሚያሰቃይ ፕሮግራም ነው፣ የደከመ ካርድ እዚያ ላይ ይንጠባጠባል። ሙቀቱ 68 ዲግሪ ላይ ወጥቶ ቆመ። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ የለም፣ ፋኑ አይንኳኳም። ልጁ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል፣ እኔ ግን 15 ደቂቃ ብያለሁ 15 ደቂቃ ነው። በቴሌብር የከፈልኩት ከዚያ በኋላ ነው። ኦርጅናል ከሆነ ሻጭ ከዚህ በላይ አልፈልግም። አስሞክረኝ ስትሉት ፊቱ የሚቀየር ሻጭ ካለ ግን ሻይ ጠጥታችሁ ወደ ቤት ተመለሱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። 1650 ሁሉ ያለ ገመድ አይሠራም። አንዳንዶቹ ላይ ሠሪዎቹ ፍጥነቱን ከፍ ለማድረግ ባለ 6 ፒን ሶኬት ጨምረውበታል። የኔ የሌለው ነው፣ አንድ ፋን ያለው አጭሩ። ርዝመቱ 17 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ዴሉ ውስጥ ተንፍሶ ገባ። ጠፍጣፋው ኬዝ ያላችሁ ይህ ካርድ አይገባላችሁም፣ ቁመቱ ዝቅ ያለውን ፈልጉ።

ሞኒተሩስ? 1650 ቪጂኤ የለውም፣ ሊኖረውም አይገባም። የካርዱን ኤችዲኤምአይ መውጫ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር መሣሪያ በ700 ብር ገዛሁ። ሲሠራ ይሞቃል፣ ግን ይሠራል። ለጊዜው ሞኒተር ከመግዛት አድኖኛል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የሞኒተሬ ጥራት 1600 በ900 ነው። ጂቲኤ 5 ከፍተኛ አካባቢ በሆነ ቅንብር ከተማው መሃል በሴኮንድ 60 ፍሬም (ሥዕል) ይይዛል፣ ገጠር ስወጣ ያልፋል። በኢንቴሏ ዝቅተኛው ላይ አድርጌ 20 ሲያልፍ እልል እል የነበርኩ ሰው ነኝ። የመጀመሪያ ቀን ተልዕኮ ሳልሠራ ዝም ብዬ በመኪና ስዞር መሽቶ ነጋ። ዝናብ ሲዘንብ አስፋልቱ ያብረቀርቃል። አስፋልቱ እንደሚያብረቀርቅ አላውቅም ነበር።

የእግር ኳሱ ጌም ኤፍሲ 24 በዝቅተኛ መስፈርትነት የሚጠይቀው ካርድ 1050 ቲአይ ስለሆነ በካርድ በኩል አልፌአለሁ። በፕሮሰሰር በኩል ግን አይ5 6600ኬ ይላል፣ የኔ በሁለት ትውልድ ወደ ኋላ ነው። ሜዳ ላይ ኳሱ ሲንከባለል 60ውን አይለቅም። ጎል ገብቶ ደጋፊው ሲታይ ግን ትንሽ ይንተባተባል። የተኩስ ጌሙ ካውንተር ስትራይክ 2 ላይ ችግሩ ይበልጥ ይታያል። ባዶ መንገድ ላይ 80 ይደርስና ጭስ ተለቆ አምስት ሰው ሲገናኝ ወደ 45 ይወርዳል። ካርዱ እዚያ ላይ ግማሽ ሥራ ፈት ነው፣ አራቱ የፕሮሰሰር ኮሮች ግን መቶ በመቶ ላይ ናቸው። ከዚህ የበለጠ ካርድ ብገዛ ኖሮ እዚህ ጨዋታ ላይ ለምንም አይጠቅመኝም ነበር ማለት ነው። ይህን ስገነዘብ 580 ባለመግዛቴ የነበረኝ ትንሽ ቁጭትም ጠፋ።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ። ባለ 256 ጂቢ አዲስ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ዲስክ) በ3,800 ብር ገዝቼ ዊንዶውሱን እሱ ላይ ጫንኩ። የላብራቶሪ ስቶፕ ዋች ይዤ ለክቻለሁ፦ ቁልፉን ከመጫን ጀምሮ እስኪከፈት ድሮ 2 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ፣ አሁን 24 ሴኮንድ። ኬዙ ውስጥ ለትንሹ ዲስክ ቦታ ስለሌለው በባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፣ አይከፋውም። ጌሞቹ ግን አሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ ናቸው፣ ጂቲኤ 5 ብቻውን ወደ 100 ጂቢ ይጠጋልና። ካርድ የመግዛት አቅም የሌላችሁ ኤስኤስዲውን ብቻ ግዙ። ጌም ባይጨምርላችሁ ዕድሜ ይጨምርላችኋል።

የጨመርኩት ራም ያገለገለ 8 ጂቢ ዲዲአር3 ነው፣ 1,700 ብር። ከመጠኑ ይልቅ የጠቀመኝ ሁለት መሆናቸው ነው። አንድ ራም ብቻ ሲኖር ዳታው የሚሄደው በአንድ መስመር ነው፣ ሁለት ሲሆኑ በሁለት። ከአዳማ አዲስ አበባ በአሮጌው መንገድና በፈጣኑ መንገድ እንደመሄድ ነው፣ ያየ ያውቀዋል።

ከሁሉም ርካሹ ሥራ አቧራው ነበር። ፕሮሰሰሩ ጨዋታ ላይ 91 ዲግሪ ይደርስ ነበር፣ የናዝሬት ሙቀት ተጨምሮበት። ኬዙን ተሸክሜ ሰፈራችን ካለው ጎሚስታ ጋር ሄድኩ። ሰውየው መጀመሪያ ጎማውን ፈለገ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ ኮምፕሬሰሩን ከራቅ አድርጎ ነፋልኝ። ፋኑ እንዳይሽከረከር በእርሳስ ያዝኩት፣ ያለዚያ በነፋሱ ኃይል ከልኩ በላይ ዞሮ ይበላሻል። መጀመሪያ ወደ መሬት ማስነፋትም አትርሱ፣ ኮምፕሬሰር ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል። የወጣው አቧራ ትራስ ይሞላል። በ250 ብር ፔስት (የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግር ቅባት) ገዝቼ የደረቀውን ጠርጌ አዲስ ቀባሁ። አሁን 72 ነው። 19 ዲግሪ በ250 ብርና በአንድ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ»።

አስተማሪ ነኝና ነጥብ ካልሰጠሁ አይሆንልኝም። ኤስኤስዲው 10 ከ10። 1650ው 8። አንዱን የቀነስኩት 4 ጂቢ ሜሞሪው አዳዲስ ጌሞች ላይ ጠባብ ስለሆነ ነው፣ የሥዕል ጥራቱን ትንሽ ከፍ ሳደርግ ወዲያው ይሞላል። ሌላውን ለዋጋው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ መናኛ ካርድ፣ ያውም ያገለገለ፣ 16,500 ብር ስከፍልበት እጄ ተንቀጥቅጧል።

ያልተፈታ ነገርም አለ። የማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል ከ8ኛው ትውልድ በታች ያለውን ከጥቂቶቹ በቀር በይፋ አይቀበልም፣ የኔ 4ኛ ነው። ለጊዜው የባንክና የደመወዝ ነገሬን በስልኬ እያደረግኩ ኮምፒውተሩን ለጌምና ለፈተና መጻፊያ ትቼዋለሁ። መብራቱም እንዳለ ነው። ባለፈው ቅዳሜ 2 ለ1 እየመራሁ 85ኛው ደቂቃ ላይ ሄደብን። ወንድሜ «ልቆጥርብህ ስል ነው የሄደው» ይላል። መብራት ሲሄድ የሚይዘው ዩፒኤስ በጀቱ ውስጥ አልነበረም።

የተማሪዬ ሱቅ ውስጥ አንድ ያገለገለ ኮር አይ7 4770 አለ። ሶኬቱ አንድ ነው፣ የሚወስደውም ያው 84 ዋት ነው፣ ስለዚህ 290ዋን አያስቆጣትም። በስምንት መስመር ስለሚሠራ ያንን የካውንተር ስትራይክ ጭስ ያሻሽልልኛል ብዬ አስባለሁ። 5,500 ብር ነው፣ «ለቲቸር 5,000» ብሎኛል። ሰኞ ማታ ራት ላይ ነገሩን በዘዴ አነሳሁት። ባለቤቴ ወጥ እያወጣች ቀና ሳትል፣ ቀጣዩ ዕቁብ የፍሪጅ መሆኑን አስታወሰችኝ።